ስም እየሸፈኑ ያረሙት መምህርት

ሙሉ ስማቸው ከነአያታቸው በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ታትሟል። እዚህ ውስጥ ግን ቤተሰብም፣ ጎረቤትም፣ ተማሪም ሲጠራቸው በኖረበት ስም እንጠራቸዋለን።

እትዬ ድጋሚ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅና የመጀመሪያ ሴት ነበሩ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነበር፤ የፊተኛው ሱቅ፣ የኋለኛው መኝታ። አባታቸው ብርሃን ፍለጋ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፣ እናታቸው የስፌት መኪናቸውን በሩ አጠገብ ያደርጋሉ፣ ሕፃኗ ደግሞ በሁለቱ መካከል ወለሉ ላይ ይውላሉ። አባታቸው ሰዓት ማለት ነገ የሚያደርገውን ዛሬ የምታውቂው ነገር ነው ብለው ሲያስረዷቸው፣ «ደንበኛስ? መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል?» ብለው ጠየቁ ይባላል። አባትየው «እሱን እንኳ እግዜር ይወቀው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በገባ ቁጥር በበሩ መቃን ላይ በጠመኔ አንድ ጭረት ያሰምሩ ነበር። እናታቸው «አንቺ ልጅ፣ በሩን ጨረሽው እኮ!» እያሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቡታል፤ ሰኞ እንደገና ይጀመራል።

በ1950 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ፣ ወድቆ ክፍል በመድገሙ ከእሳቸው ጋር የተቀመጠው ሦስተኛው ወንድማቸው የሒሳብ የቤት ሥራውን በእሳቸው ማሠራት ጀመረ። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ያንኑ መልስ በሁለት ደብተር ጽፈው አስረከቡ። ወንድምየው ዘጠና ሁለት አመጣ፤ እሳቸው ሰማንያ አራት። ቤተሰቡ ይህን ለብዙ ዓመታት እንደ ቀልድ ሲያወራው ኖሯል፤ ወንድማቸውም «እኔ ስገለብጥ አሳምሬ ነው የምገለብጠው» እያሉ እስከ ዛሬ ይኩራሩበታል።

ሁለት ክፍል ዘልለው በ1960 ዓ.ም. ሒሳብ ለማጥናት ኮሌጅ ገቡ። በክፍሉ ከነበሩት ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች ሴቶቹ አራት ነበሩ፤ ሲመረቁ ሁለት ቀሩ። የመመረቂያ ጥናታቸውን የሠሩት በዘፈቀደ ስለሚሆኑ ነገሮች ነው። በዘፈቀደ ማለት ሕግ የለውም ማለት እንዳልሆነ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዱ፣ «አንዷን ጊዜ አታውቃትም፣ ብዙውን ጊዜ ግን ታውቀዋለህ» ይሉ ነበር። ለዚህም ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ ፊት ለፊት ያለውን የአውቶቡስ ፌርማታ መረጡ። ጠዋት ጠዋት ከአባታቸው ሱቅ በተዋሱት ሰዓት፣ ጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተው፣ እያንዳንዱ አውቶቡስ የደረሰበትን ደቂቃ ይመዘግቡ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ከአውቶቡሶቹ አንዱ በየቀኑ፣ አንድ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መድረስ ጀመረ። አራት ቀን ታገሡ። በአምስተኛው ቀን በፊተኛው በር ገብተው ሾፌሩን አፋጠጡ።

«ጥናቴን ያበላሸኸው አንተ ነህ!»

ሾፌሩ ደነገጡ። «እህት፣ ምን አጠፋሁ? በሰዓቱ ነው የመጣሁት።»

«ጥፋትህ እሱ ነው። እንደ ድሮህ ና።»

«እንደ ድሮዬ ብመጣማ ትጽፊብኛለሽ። አንቺ ከመሥሪያ ቤት የተላክሽ ሰላይ አይደለሽ እንዴ?»

«መጻፉን እጽፋለሁ። ለአለቃህ ግን አልናገርም።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የሦስት ሳምንቱን መዝገብ ቀደው ጣሉና «ድጋሚ» ብለው ከዜሮ ጀመሩ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው እኒሁ ሾፌር ናቸው። በማግስቱ አርፍደው ሲደርሱ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ድጋሚ! ዛሬስ ደስ አለሽ?» አሉ፤ ፌርማታው ተቀበለው፣ ከፌርማታው ኮሌጁ ወሰደው። እትዬ ድጋሚ ከዚያ የወሰዱት ትምህርት ሌላ ነበር። ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ የምታየው ሌላ ሰው ነው፤ ይህን ዕድሜ ልካቸውን ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው ነግረዋል።

ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. ለፈታኞች ቀረበ። ከፈታኞቹ አንዱ ገጾቹን አገላብጠው «ስሌቱን ማን ሠራልሽ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰሌዳውን አጥፍተው ስሌቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው ሠሩ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ፈታኙ «ታታሪ ልጅ ናት» የሚል አስተያየት ጽፈው ፈረሙ። ለጥናቱ የተሰጠው ማዕረግ ከፍተኛ ስለነበር አስተያየቱን ያስተዋለው ሰው አልነበረም።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐሥር ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማሩ። በ1966 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ፤ በ1967 እና በ1974 ዓ.ም. ሁለት ወንዶች ልጆች፣ በመካከላቸውም በ1970 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በ1974 ዓ.ም. ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው እዚያው ቆዩ።

የኮሌጁ ቢሯቸው በሦስተኛው ፎቅ መጨረሻ ያለች፣ ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተገጥሞባት ለወንበር መሳቢያ እንኳ የማትበቃ ክፍል ነበረች። አንደኛው ሲነሳ ሌላኛው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ማስጠጋት አለበት። ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት የሥራ ባልደረባቸው ሲሆኑ፣ ተማሪዎች ኮስታራው የሚሏቸው ናቸው። ኮስታራው ሴት ልጅና ሒሳብ ዘይትና ውኃ ናቸው የሚል ቀልድ ነበራቸው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ለአዲስ ተማሪዎች ያወሩታል። እትዬ ድጋሚም በየዓመቱ መልስ ይሰጡ ነበር። «ዘይት ከላይ ነው የሚንሳፈፈው፣ ጌታው» ይሏቸዋል። ሴት ተማሪዎች በትምህርቱ እንዲቆዩ ከሰዓት በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያስጠኑ፣ በስብሰባ ላይ ስለ እነሱ የሚሟገቱ እሳቸው ስለነበሩ፣ በዚህ ነገር በኮሌጁ ማንም የሚጠረጥራቸው አልነበረም። እሳቸውም ራሳቸውን አይጠረጥሩም ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊነት ክፍት ሆነ። በኮሌጁ ታሪክ ለዚህ ቦታ የታጩ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ነበሩ፤ ሌላው ዕጩ ኮስታራው። በዚያው ዓመት ተማሪዎች ሚሊሜትር የሚሏት፣ ማስመሪያዋን ከእጇ የማትለይ ልጅ የመመረቂያ ጥናቷን በእትዬ ድጋሚ አማካሪነት ለመሥራት መጣች። ጥያቄዋ አጭር ነበር። አንድ የሒሳብ መልስ ላዩ ላይ የወንድ ስም ሲኖርና የሴት ስም ሲኖር እኩል ይታረማል ወይ?

አሠራሩን አብረው ነደፉ። ኮሌጁ ከርቀት ትምህርት ተማሪዎች በፖስታ የሚመጡ የፈተና ወረቀቶችን በየሳምንቱ ለሒሳብ መምህራን ያከፋፍላል፤ አራሚው የተማሪውን መልክ አያይም፣ ስሙን ብቻ ያነባል። ሚሊሜትር ሃያ መልሶች አዘጋጅታ እያንዳንዱን በሁለት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ አስገለበጠች። አንዱ በወንድ ስም፣ አንዱ በሴት ስም፣ በአምስት ሳምንት ልዩነት፣ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተቀላቅለው ለአንድ አራሚ ይደርሳሉ። የትኛው ስም ቀድሞ እንደሚሄድ የሚወስነው ሳንቲም ነው። የኮሌጁ ዲን ሁለት ነገር አስጠንቅቀው ፈቀዱ፤ የአራሚዎች ስም በቁጥር እንዲተካና ማንም በስሙ እንዳይነሳ።

ቀሪው የእትዬ ድጋሚ ትእዛዝ ነበር። «አራሚ ካወቀ ጥናትሽ ሞተ» አሏት። «መቼ እንደምትጀምሪ፣ ወረቀቱን መቼ እንደምትልኪ ለእኔም እንዳትነግሪኝ። ፊቴ ያሳብቅብሻል።»

«ለየትኞቹ መምህራን ልላክ፣ መምህርት?»

«ለሁሉም። መምረጥ ከጀመርሽ አለቀልሽ።»

ሚሊሜትር የታዘዘችውን ቃል በቃል ፈጸመች። የሒሳብ መምህራኑ ዐሥራ አንድ ነበሩ፤ ለዐሥራ አንዱም ላከች። እትዬ ድጋሚ «ሁሉም» ሲሉ ራሳቸውን አልቆጠሩም ነበር። ከኅዳር እስከ የካቲት ከፖስታ የመጡ የመሰሏቸውን አርባ ወረቀቶች በሚወዱት ቀይ እስክሪብቶ፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው፣ እንደ ሁልጊዜው በጥንቃቄ አረሙ።

መጋቢት ላይ ሚሊሜትር ውጤቱን ይዛ ወደ ቢሮ መጣች። ኮስታራው ክፍል ገብተው ስለነበር በእሳቸው ወንበር ተቀመጠች። ሰንጠረዡ ንጹሕ ነበር። በጠቅላላው የሴት ስም ያለባቸው ወረቀቶች ከሃምሳ በሚታረመው ነጥብ በአማካይ በሁለት ያህል ዝቅ ብለዋል። ከአራሚ አራሚ ልዩነቱ ይለያያል፤ አራተኛው አራሚ ዘንድ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ከሁሉም የበዛው ሰባተኛው ዘንድ ነው፣ አራት ነጥብ። ከሃያው ጥንድ በዐሥራ ሰባቱ ላይ ሰባተኛው አራሚ ለሴቲቱ ዝቅተኛ ሰጥቷል።

እትዬ ድጋሚ «ይሄ ሰባተኛው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ገጹን ገለጡ። ቀጣዩ ገጽ አራሚዎቹ በወረቀቶቹ ጠርዝ ላይ የጻፉትን አስተያየት የያዘ ነበር። አንድ ዓይነት ስሕተት በያዘ አንድ ዓይነት መልስ ላይ ሰባተኛው አራሚ ለወንዱ «ሐሳቡ ገብቶሃል፤ ያመለጠህ ስሌት ነው» ብሏል። ለሴቷ «ንጹሕ ሥራ፤ ጥንቃቄሽ ያስመሰግናል፤ ድጋሚ ሞክሪው» ብሏል። ከታች በሌላ መልስ ላይ ለወንዱ «ድንቅ አእምሮ!»፣ ለሴቷ «ታታሪ ነሽ!»።

የገዛ ቃላቸውን ለይተው አወቁት። ሚሊሜትርም እንዳወቁት አወቀች።

«ሰባተኛውን ላውጣው፣ መምህርት?» አለች ቀስ ብላ። «ዐሥር ይበቃል። ጥናቱ አይጎዳም።»

«ለምን ታወጪዋለሽ?»

«የእርስዎ ሹመት በሚቀጥለው ወር ነው። ሰዎቹ ሰበብ ነው የሚፈልጉት።»

«ሳንቲም ስትወረውሪ ያልጣመሽን ትሰርዢ ነበር?»

«አልሰርዝም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።» ሰንጠረዡን ወደ ራሳቸው ስበው «ሁለት ቀን ግን ስጪኝ» አሉ።

ሁለቱ ቀናት ቅዳሜና እሑድ ነበሩ። እትዬ ድጋሚ የቀራቸው አንድ መሸሸጊያ ነበር፤ እሱም የገዛ ትምህርታቸው ነው። ሃያ ጥንድ ጥቂት ነው፤ ዐሥራ ሰባቱ በአንድ ወገን የወደቁት በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ይህን በቀመር ሊያሰሉት ይችሉ ነበር፤ አስልተውታልም። ነገር ግን ቀመሩን አላመኑትም፣ ወይም ማመን አልፈለጉም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ አጽድተው መሀሉ ላይ የቆርቆሮ ሳህን አስቀመጡና ባለቤታቸውን ጠሩ። እሳቸው ይወረውራሉ፣ እትዬ ይመዘግባሉ። ሃያ ውርወራ አንድ ዙር ነው። አድልዎ የሌለው እጅ ከሃያው ዐሥራ ሰባቱን በአንድ ወገን ስንት ጊዜ እንደሚጥል በዓይናቸው ማየት ፈለጉ።

ሳህኑ ሁለት ቀን ሙሉ ሲንኳኳ ዋለ። ጎረቤት «እናንተ ቤት ምን እየተቀጠቀጠ ነው?» ብላ መጣች። በስልሳኛው ዙር ባለቤታቸው ጣታቸውን አሹ።

«ሴትዮ፣ ሃያ ስምንት ዓመት መሪ ይዤ ክንዴ እንዲህ አልዛለም። አሁንስ አመንሽ?»

«ድጋሚ ወርውር።»

«ማንን ነው እዚህ የምናሳድደው?»

«ሰባተኛውን።»

«ማነው ሰባተኛው?»

ያን ጊዜ ነገሯቸው። ባለቤታቸው ሳንቲሙን በሸሚዛቸው ጠርገው ወረወሩ። እሑድ ዐሥር ሰዓት ላይ አንድ መቶ ሃምሳ ዙር፣ ሦስት ሺህ ውርወራ ሞላ። ዐሥራ ስድስት አንድ ጊዜ ብቻ ወጣ። ዐሥራ ሰባት አንድም ጊዜ አልወጣም።

«እና ምን ይሻላል?» አሉ ባለቤታቸው።

«ይነበባል።»

«ሹመቱስ?»

«ሹመቱን ተወው።»

ባለቤታቸው የተሰረጎደውን ሳህን አንስተው አዩት። «እኔ በዚያን ጊዜ ሰላይ ናት ብዬ የፈራሁሽ እውነቴን ነው እኮ» አሉ፤ «አሁን እንኳ ራስሽን ሰልለሽ ይዘሽ መጣሽ።»

ጥናቱ ሚያዝያ 14 ቀን 1990 ዓ.ም. በኮሌጁ አነስተኛ አዳራሽ ቀረበ። የሹመት ኮሚቴው አባላት ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ሚሊሜትር መስመሩን በማስመሪያዋ እየተከተለች አነበበች፤ አራሚዎቹን በቁጥር ብቻ ጠራች። ሰባተኛው አራሚ ላይ ስትደርስ አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ አንድ ሰው «ማነው እሱ? ይነገረን!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሰው እየሳቀ ወደ ኮስታራው ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ ኮስታራው። «ዛሬ ገና ያያችሁኝ አስመሰላችሁት።»

እትዬ ድጋሚ ከአማካሪዎች ወንበር ተነሡ። «ሰባተኛዋ እኔ ነኝ» አሉ። «የአራት ነጥቡ ልዩነት የእኔ ነው። በአጋጣሚ ይሆን እንደሆነ ሦስት ሺህ ጊዜ ወርውረን አይተነዋል፤ አይደለም። ልጅቷ የማንንም ስም አላወጣችም፤ የራሴን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀጥዪ።» ተቀመጡ። ሚሊሜትር የቀረውን ገጽ እስክታገኝ ድረስ ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

ከአዳራሹ ሲወጡ ኮስታራው ደረጃው ላይ ጠበቋቸው። አራተኛው፣ ልዩነቱ ዜሮ የሆነው አራሚ እሳቸው እንደሆኑ ከሰንጠረዡ ጋር ከተነበቡት የጠርዝ አስተያየቶች አውቀውት ነበር። «እኔ ስም አላነብም፤ መልስ መስጫውን ከጎን አድርጌ ቁጥር ብቻ ነው የማየው» አሉ። ከዚያ ጨመሩ፤ «እኔ ሴቶቹን የምጎዳው በአፌ ነው። አንቺ ግን በእስክሪብቶ ኖሯል።» እትዬ ድጋሚ በዚህ አልተቀየሙም። በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ኮስታራው የተናገሩት ትክክለኛ ነገር እሱ ብቻ ነው ይሉ ነበር።

ሹመቱ በስድስት ድምፅ ለሦስት ለኮስታራው ሆነ። ቃለ ጉባኤው ምክንያቱን አይገልጽም። አዲሱ ኃላፊ የፈረሙት የመጀመሪያ ደብዳቤ እትዬ ድጋሚ ያረቀቁት ነበር፤ ማንኛውም የፈተና ወረቀት ለእርማት ከመሰጠቱ በፊት ስም ያለበት ማዕዘን ታጥፎ በስቴፕለር እንዲዘጋ የሚያዝ ነው። ሚሊሜትር በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች፤ ዛሬ ራሷ አማካሪ ናት። እትዬ ድጋሚ በ1995 ዓ.ም. ተማሪዎች ውጤት አነሰን ብለው ባነሡት የፈተና ክርክር ጊዜ እንኳ ማዕዘኑን ሳይከፍቱ ተከራክረዋል፤ በ2003 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስም እየሸፈኑ አርመዋል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃላቸውም። የድሮ የውጤት መዝገቦቻቸውን ከሣጥን አውጥተው በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ «ጥንቃቄሽ ያስመሰግናል» ብለው ከሒሳብ ወደ ሌላ ትምህርት እንዲዛወሩ የመከሯቸውን ሴቶች ቆጠሩ፤ ሠላሳ አንድ ሆኑ። ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ምክሩ የተሰጠው በሚዛናዊ እጅ እንዳልነበረ ይገልጻል፣ ቁጥሩን ይጠቅሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ዐሥራ አራት መልስ መጣ። አንዷ «መምህርት፣ ኧረ እኔ ሒሳብ ራሴን ያመኝ ነበር፤ ገላገሉኝ እኮ!» ብላ ጻፈች። ሌላዋ «አርፍደዋል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ላከች። እትዬ ድጋሚ ሁለቱንም በአንድ ፋይል አስቀመጡ።

ከሠላሳ አንዱ ደብዳቤዎች ሠላሳው በፖስታ ተልኳል። ሠላሳ አንደኛው ቴምብር አልተለጠፈበትም፤ አድራሻው እዚያው ቤት ነበርና። ሴት ልጃቸው በ1988 ዓ.ም. የሒሳብ ትምህርት ልትመርጥ ስትል፣ እናቷ ደብተሯን አገላብጠው «እጅሽ ሰው ለመንከባከብ የተፈጠረ ነው» ብለዋት ነበር። ነርስ ሆነች። ደብዳቤውን ምግብ ጠረጴዛ ላይ አንብባ ወደ ኪሷ ከተተችው፤ ስለ እሱም አንዳች አልተናገረችም። እናቷም አልጠየቁም።

እትዬ ድጋሚ በ2013 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተያዙ። ሕክምናቸውን በአብዛኛው በቤታቸው የተከታተሉት በዚህችው ልጃቸው እጅ ነው። በመጨረሻው ወር አንድ ጠዋት፣ ልጃቸው መድኃኒት ስታዘጋጅ፣ ከዚያ በፊት ያላነሡትን ነገር አነሡ።

«ይቅርታ በአፌ አልጠየቅኩሽም። ወረቀት ነው የሰጠሁሽ።»

«እማ፣ ሥራዬን እኮ ወድጄዋለሁ።»

«እሱን አላልኩሽም። ሒሳቡን ብትገቢበት ኖሮ የት ትደርሺ ነበር ነው የምለው።»

«እንጃ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ከተወረወረ ሳንቲም ተነሥቶ ምንም ማለት አይቻልም» አሉ እትዬ ድጋሚ። «የወርዋሪዋ እጅ ማዘንበሉ ግን ታውቋል።»

ልጃቸው መርፌውን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። «በይ እንግዲያው ያንን እጅ ስጪኝ» አለች፤ «ሰዓቱ ደርሷል።»

እናትየው እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷም መርፌውን ከወጋች በኋላ እጁን ቶሎ አልለቀቀችውም።

እትዬ ድጋሚ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ሦስተኛውን ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ በመጠየቅ፣ ዛሬም አብራችሁን በመቆም ላልተለያችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ያሳርፍልን። እኛንም በሰው ላይ በምንፈርድበት ሁሉ እጃችንን ያቅናልን።